የእርሳሱ ንድፍ ወይስ ያለቀው ሥዕል?

የአንድን ቅዱስ የእርሳስ ንድፍና በቀለም ያለቀውን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። ወርቁ ያበራል፤ ፊቱም ተረጋግቷል። ለጸሎት እሱ ይሻላል፤ አያከራክርም።

እኔን ግን የሚይዘኝ ንድፉ ነው። የሚባርከው እጅ ደጋግሞ ተሞክሯል፤ በላጲስ የጠፋው ጣት አሁንም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ትከሻው ላይ መስመር በመስመር ተደራርቧል። ልብሱ ገና ጭረት ብቻ ነው፤ ዓይኖቹ ግን አልቀዋል። ሠዓሊው የቱ ላይ እንደተጨነቀ ያሳብቃል። ቀለሙ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ንድፉ ከሥዕሉ ይበልጥ ዕድሜ ያገኛል። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1508 እ.ኤ.አ. ለአንድ የመሠዊያ ሥዕል የነደፋቸው የሐዋርያ እጆች (በእርሳስ ሳይሆን በብሩሽ ነው) ዛሬም ቪየና አሉ። ዋናው ሥዕል በ1729 ተቃጥሏል።