የመኪና መሪ ይቀየር ወይስ ቆዳ ይልበስ?

የመሪው ቆዳ እየተላጠ እጅ ላይ መቅረት ሲጀምር ሁለት ሐሳብ ይመጣል፦ ስፖርት መሪ (አነስ ያለ፣ የውድድር ዓይነት መሪ) ገዝቶ መግጠም፣ ወይም የፋብሪካውን አዲስ ቆዳ ማልበስ።

ወጪ፦ ማልበስ የቆዳና የእጅ ዋጋ ነው፤ አለቀ። ስፖርት መሪ ግን ብቻውን አይገጠምም። ከመኪናው ዘንግ ጥርስ ጋር የሚስማማ ማያያዣ ይፈልጋል። ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋትም በአምራቹ ይለያያል፦ የሞሞ 70 ሚሊሜትር፣ የናርዲ 74። ልዩነቷ 4 ሚሊሜትር ብትሆንም አይገጥምም።

አነዳድ፦ የፋብሪካው ስፋት ብዙውን ጊዜ 370 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የስፖርቱ 350 ወይም ከዚያ በታች። ፈጠን ይላል። ፓወር ስቲሪንግ በሌለው መኪና ግን ስታቆሙ ክንድ ይጨርሳል።

አደጋ፦ እዚህ ጋ ቆም በሉ። መሪው ሲወጣ ውስጡ ያለው ኤርባግም (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ትራስ) አብሮ ይሄዳል። የኤርባጉን የማስጠንቀቂያ መብራት በሬዚስተር (ኤርባጉ ያለ በሚያስመስል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ማጥፋት ለእኔ ራስን መሸወድ ነው። ለማልበስም ኤርባጉ ይፈታል፤ ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠበቅ ግን አይነካም።

ድሮውንም ኤርባግ ለሌለው አሮጌ መኪና ወይም ለውድድር፣ ስፖርቱ ያምርበታል። ቤተሰብ ለሚጫንበት ቆዳው ይበቃዋል፤ የሬዲዮ ቁልፎቹም ቦታቸው ይቀራሉ።