ቅጠሉ ክዳኑ ላይ፣ ዘይቱ ከዘሩ

የባለቤቴ እኅት ከጀርመን ስትመጣ ለአባባ ጉልበት ብላ የያዘችው የሄምፕ (የማያሰክረው የካናቢስ ዝርያ) ቅባት 18 ዩሮ ተከፍሎበታል። አባባ ከባሕር ዳር ዘጌ ሞተር ጀልባ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ጉልበታቸው ይጠዘጥዛቸዋል። ክዳኑ ላይ የካናቢስ ቅጠል ታትሟል። «እዚያ እኮ ተፈቅዷል» ተባለ፤ ቤተሰቡም እንደ ጠበል ተቀበለው።

እኔ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ዓይኔ የሚሄደው ከታች ወዳለው ደቃቅ ጽሑፍ ነው። የሄምፕ ዘር ዘይት፣ የሺያ ቅቤ፣ የንብ ሰም፣ ሜንቶል። ሕመም ያስታግሳል የሚባለው የካናቢስ ንጥረ ነገር፣ ካናቢዲዮል የሚል የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ይህ ንጥረ ነገር የሚጠራቀመው አበባው ላይ ባሉት ሙጫ አመንጪ ዕጢዎች ነው፤ ዘሩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የዘሩ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ በተባለ የስብ ዓይነት የበለጸገ ነው፤ ቆዳ ያለሰልሳል። የእኛም ኑግ በዚሁ አሲድ የበለጸገ ነው፤ ቅጠሉን አትሞ በዩሮ የሚሸጥለት ግን አላገኘም።

ጀርመን ለሕክምና የፈቀደችው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2017 ጀምሮ ሐኪሞች የካናቢስ አበባና ከአበባው የተዘጋጁ መድኃኒቶችን ማዘዝ ይችላሉ፤ ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር ስለወጣ በተራ ማዘዣ ይሰጣል። ያ የሚገኘው ከፋርማሲ ነው። ይህ ቅባት መዋቢያ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መዋቢያ በሽታ አድናለሁ ማለት አይችልም። ጽሑፉም ጉልበት የሚል ቃል ሳያነሣ «ለደከመ ሰውነት» ብሎ አልፏል። ብልጦች ናቸው።

አባባ ማታ ማታ ይቀቡታል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል፤ ነጭ ጋቢያቸው ላይ የተወው እድፍ በሳሙና አልለቀቀም። ሜንቶሉ ለጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል። ለእጅ ግን መልካም ነው፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጸዱት ጎረቤታችን ጣቶቻቸው በውኃ ብዛት ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ሲቀቡት ስንጥቁ ገጠመ። ቫዝሊንም ይህን ያደርጋል።

እውነተኛውን የካናቢስ መድኃኒት ዘመድ ይላክልኝ የምትሉ አደራችሁን! ካናቢስ በአገራችን ሕግ ክልክል ነው፤ የጀርመን ማዘዣ ቦሌ ላይ ቆሞ አይከራከርላችሁም።

አባባ አልተቀበሉኝም። ቅዝቃዜው ደስ ብሏቸው ሌላ ቆርቆሮ አዘዋል። እኔም ጀርመን ላለችው ልጃቸው ደውዬ የሜንቶል ቅባት እዚሁ በጥቂት ብር እንደሚገኝ ነግሬያታለሁ።