በአርባ ዓመቴ የጀመርኩት የኮምፒውተር ዲግሪ፦ ስለ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶቹ ቀደም ያለ የትምህርት ማስረጃ ስለማይጠይቅ፣ የማትሪክ ውጤቱ ወረቀት የት እንደገባ ለማያውቅ እንደ እኔ ላለ ሰው በሩ ክፍት ነው።

የኮምፒውቲንግና አይቲ ዲግሪው 360 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት 10 ሰዓት ያህል ጥናት ይጠይቃል፤ በዓመት 60 ክሬዲት ለሚወስድ ሠራተኛ ይህ 6 ዓመት ማለት ነው። ይህን ሳላሰላ ስለገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ቅዳሜና እሑዴን በሙሉ አስረክቤያለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት የፕሮግራሚንግ አጀማመሩን ነው። ቲኤም111 በተባለው ኮርስ ተማሪው ስክሪን ላይ ትእዛዝ የያዙ ባለቀለም ብሎኮችን እየገጣጠመ ድግግሞሽን (ትእዛዝን ደጋግሞ ማስፈጸምን) እና ቅድመ ሁኔታን ይለማመዳል፤ በጽሑፍ የሚሠራበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፓይተን የሚመጣው በቲኤም112 ነው። ብሎኩን የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ሆኖም ከሌሊት ፈረቃ ተመልሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የጻፍኩት የፓይተን ፕሮግራም የተሳሳተ ድምር እየሰጠ ሲያስቸግረኝ፣ አንዱን መስመር ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ ባለመጻፌ ከድግግሞሹ ውጭ መውደቁን የተረዳሁት የሚደጋገሙትን ትእዛዞች በውስጡ የሚያቅፈው ያ የድግግሞሽ ብሎክ ዓይኔ ላይ ድቅን ብሎ ነው።

አስተማሪው የቤት ሥራ ሲያርም የሚጽፈው አስተያየት ከነጥቡ ይበልጥ ይጠቅማል። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ እንግሊዝ ውስጥ የሚኖርና መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው ግን በትርፍ ጊዜው እየተማረም ቢሆን የመንግሥት የትምህርት ብድር መጠየቅ ይችላል።