የኬሪስክ መጽሐፍ ወይስ ማን ፔጅ?

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ሊኑክስ ሲስተም ፕሮግራሚንግ የሚጀምር ተማሪ «ከኬሪስክ መጽሐፍ ወይስ ከማን ፔጅ (ከሲስተሙ ጋር ከሚነበበው የማብራሪያ ገጽ) ላንብብ?» ማለቱ አይቀርም። የሚገርመው በሁለቱም አማራጮች የማይክል ኬሪስክ እጅ አለበት። መጽሐፉን ጽፏል፤ ማን ፔጆቹንም ለዓመታት በኃላፊነት ይዞ ነበር።

«ዘ ሊኑክስ ፕሮግራሚንግ ኢንተርፌስ» በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ። 64 ምዕራፍ፣ ከ1500 ገጽ በላይ። ውፍረቱ አያስደንግጥህ፤ ዳር እስከ ዳር አንብብ ያለህ የለም። ፎርክ (አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ የራሱን ቅጂ የሚፈጥርበት ጥሪ) ሲጠራ ልጁ ፕሮሰስ ከወላጁ ምን እንደሚወርስ፣ የተከፈቱ ፋይሎችን እንዴት እንደሚጋሩ በሥዕልና በሚሠራ ኮድ ያሳይሃል። ሲግናልን (ለፕሮሰስ የሚላክ ማሳወቂያን) እንደ እሱ ያፍታታ አላየሁም። ጉድለቱ ዕድሜው ነው፤ በ2019 የመጣውን አይኦ ዩሪንግ የተባለ የማንበቢያና የመጻፊያ (አይኦ) ዘዴ አታገኝበትም።

ማን ፔጅ ነጻ ነው። ኡቡንቱ ላይ ማንፔጅስ-ዴቭ የሚባለውን አንዴ ከጫንክ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ጣና ዳር ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ። ክፍል 2 ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ)፣ ክፍል 3 የላይብረሪ ፈንክሽን ነው። ሪድ (ከፋይል የሚያነበው ጥሪ) ከጠየቅከው ያነሰ ባይት ሊመልስ እንደሚችል በግልጽ ጽፎልሃል። ግን አያስተምርም። የፈንክሽኑን ስም ካላወቅክ ከየት እንደምትጀምር ግራ ይገባሃል።

ለጀማሪ እኔ መጽሐፉን እላለሁ፤ ምዕራፍ 4 ላይ፣ ከፋይል አይኦ ይጀምር። ኮድ ሲጽፍ ማን ፔጁን በሌላ ተርሚናል ይክፈት።