የእህቴ መልስ ዲኮር፦ አበባው ግሩም፣ መብራቱ ግን ምን ነካው?

ለእህቴ መልስ ዲኮር ያሠራነው ጥር ላይ ነው። በጥር ዲኮረኛ ንጉሥ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ሁሉም ስለሚደግስ ዋጋው ይሰቀላል፤ ቀብድ ቶሎ ያልከፈለ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

ያሠራናቸውን ዲኮረኞች ስም አልጠራም። መልካሙን ግን ላስቀድም። ባለሙያዋ ከመዋዋላችን በፊት ግቢያችን ድረስ መጥታ ድንኳኑ የሚተከልበትን በሜትር ለካች። እናቴ «ኮተቱ ይቅርና መሶቤ ይታይልኝ» ስትላት አልተከራከረችም። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያንን የሰለቸንን የፕላስቲክ አበባ ግድግዳ አልገተረችም። ወርቃማ ጥለት ያለው ነጭ ሸማ ከላይ እስከ ታች ዘረጋች፤ ግራና ቀኝ የእናቴን መሶቦች አቆመች። በቃ። ጽጌረዳው ትኩስ ነበር። ጠዋት ግንዱ በሰያፍ እየተቆረጠ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ እስከ ማታ አልጠወለገም። ቄጤማውም እስከ ረከቦቱ ድረስ ተጎዝጉዟል።

ያበሸቀኝ መብራቱ ነው። ሐምራዊ! ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለለበሰ ሰው ሐምራዊ መብራት ምን ይሠራለታል? ፎቶው ላይ አክስቶቼ በሙሉ በለዝ መስለዋል። ቀይሩልን ስንል ልጆቹ «እሺ፣ እሺ» ብለው ጠፉ። ደግሞ የማፍረሻና የመኪና ሒሳብ ውሉ ላይ የለም፤ የመጣው በመጨረሻ ነው።

ግቢ ውስጥ ለሚደረግ መልስ ወይም ቀለበት እመክራቸዋለሁ። የመብራቱን ቀለምና የማፍረሻውን ዋጋ ግን ቀብድ ሳትሰጡ ውሉ ላይ አስጽፉ።