ሀዋሳ ላይ ስልጠና ልታዘጋጁ ያሰባችሁ፣ «ሁሉንም ለእኛ ተዉት» ከሚለው ውል ተጠንቀቁ

ሀሳቡ ራሱ መጥፎ አይደለም። ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ አዳራሽ ሲያፈላልግና ባነር ሲያሳትም ከሚውል፣ ለኤቨንት አዘጋጅ ከፍሎ መገላገል ይሻላል። የእኛም መሥሪያ ቤት ይህንኑ አደረገ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ውሉን ግን እወቁት።

ክፍያው ቁርጥ ዋጋ አይደለም፤ የጠቅላላ ወጪው መቶኛ ነው። እስቲ አስቡት። ምሳውና ሻይ ቡናው በተወደደ ቁጥር የአዘጋጁ ድርሻ ያድጋል። ዋጋ እንዲከራከርልን የቀጠርነው ሰው፣ ዋጋ ሲንር የሚጠቀም ሆነ ማለት ነው። «ልዩ ልዩ ወጪ» የምትል መስመርም ነበረች። የፕሮጀክተርና የማይክ ኪራይ እዚያ ውስጥ ተደምሯል። ሆቴሉን ስንጠይቅ ግን ሁለቱም ከአዳራሹ ኪራይ ጋር አብረው የሚሰጡ ናቸው።

የባሰው ቅድመ ክፍያው ነው። ግማሹን ተቀበለ፤ ለሆቴሉ ግን አላስገባም። ሰሞኑ ደግሞ የታኅሣሥ ገብርኤል ነበር። ሀዋሳን የሚያውቅ ያውቃል፤ ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 ተሳላሚው ከየአገሩ ስለሚጎርፍ አልጋ ተለምኖም አይገኝም። ከዲላና ከሶዶ የመጡ ሠልጣኞች ሻንጣቸውን ይዘው እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሙ። የፋይናንስ ባልደረባችን ከሐይቁ ዳር እስከ መናኸሪያ በባጃጅ እየዞረች አልጋ ስትፈልግ አመሸች። የሠራተኛ ጊዜ ለመቆጠብ ነበር እኮ! በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ ጥብስና ዶሮ ብቻ። በነቢያት ጾም! አብዛኛው ሰው ዳቦ በሰላጣ በልቶ ዋለ።

15 በመቶ ቫት ደምሮ አስከፍሎናል፤ ደረሰኙን ግን እስካሁን አላየነውም። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ነው።

አዘጋጅ መቅጠር ካለባችሁ የአገልግሎት ዋጋው ቁርጥ ይሁን። የአልጋ፣ የአዳራሽና የምግቡን ሂሳብ በቀጥታ ለሆቴሉ አካውንት አስገቡ። አልጋው በእናንተ ስም መያዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሆቴሉ ተቀበሉ። እንዲያውም ለአነስተኛ ስልጠና የሆቴሉን የሽያጭ ክፍል ማነጋገሩ ይበቃል፤ ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተባባሪ ይመድባሉ።

ቀሪውን ክፍያ ይዘን እየተከራከርን ነው። እንዲህ ያለ ውል የፈረማችሁ ካላችሁ፣ ቅድመ ክፍያው መግባቱን ዛሬውኑ ለሆቴሉ ደውላችሁ አረጋግጡ።