የማርሽ ዘንግ ሲረዝምባችሁ፦ ቦኮላ፣ ሾርት ሺፍት ኪት ወይስ ማስቆረጥ?

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወይም ሃይሉክስ የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስተኛ ለማስገባት እጅ ዳሽቦርድ ሊነካ ይደርሳል። ማርሹ ከገባም በኋላ ዘንጉ ይወዛወዛል። ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ሾርት ሺፍት ኪት (የዘንጉን ጉዞ የሚያሳጥር ተገጣጣሚ ዕቃ) ያየ ሰው ዱባይ ወይም አሜሪካ ላለ ዘመዱ ደውሎ «ላክልኝ» ማለት ያምረዋል። ከመደወሉ በፊት ግን ያሉትን ሦስት መንገዶች፣ ማለትም ቦኮላ መቀየርን፣ ኪት ማስገባትንና ዘንጉን ማስቆረጥን፣ ጎን ለጎን እንያቸው። በወጪም በጣጣም በጣም ይለያያሉ።

መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ ይለይ። ሞተር አጥፉ፣ ሦስተኛ አስገቡ፣ እጀታውን በሁለት ጣት ይዛችሁ አወዛውዙት። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያለቀው ከዘንጉ ሥር ያለው ፕላስቲክ፣ ቦኮላው፣ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሞተር ሲጠፋ በቀላሉ የሚገባው አንደኛና የኋላ ማርሽ ሞተር ሲነሳ እምቢ ካለ ግን ጣጣው ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ላይ ነው፤ በደንብ አይለቅም። ፈጠን አድርጋችሁ ሁለተኛ ስታስገቡ ከጮኸ ማርሹ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገው ሲንክሮ ደክሟል። እየሄዳችሁ ማርሽ የሚያመልጥ ከሆነ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተከፍቶ መታየት አለበት። እነዚህን የመጨረሻ ሦስቱን የትኛውም ኪት አያድናቸውም።

ቦኮላው የማርሽ ዘንጉ ታችኛው ጫፍ ላይ የሚጠለቅ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ ዘንጉ የሚዞርበት ኳስ አለ፤ ኳሱም በብዙዎቹ የቶዮታ ካምቢዮዎች የራሱ የፕላስቲክ መቀመጫ አለው። ሁለቱም ያልቃሉ። ለምሳሌ ከኳሱ በላይ ያለው ዘንግ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከኳሱ በታች ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ታች 1 ሚሊ የሆነው ላይ እጃችሁ ዘንድ ሲደርስ 8 ሚሊ ይሆናል። ስለዚህ ቦኮላው ላይ የ2 ሚሊ ክፍተት ከተፈጠረ እጀታው በከንቱ 16 ሚሊ ይንከራተታል። ብዙ ሰው «ማርሼ ረጅም ነው» የሚለው ይህንን ነው። ርዝመት ሳይሆን ልቅነት ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። የማርሹን ላስቲክ ትገልጣላችሁ። በአንዳንዱ ካምቢዮ ክዳኑን ወደ ታች ተጭኖ በማዞር ዘንጉ ይወጣል፤ በሌላው በብሎን የታሰረ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በኮምፕሬሰር አየር አስነፉት፤ የገጠር መንገድ የሠራ መኪና እዚያ ጋር ያጠራቀመው አቧራ ቀላል አይደለም፣ ቀዳዳው ደግሞ ቀጥታ ወደ ካምቢዮው ሆድ ነው የሚወስደው። ዘንጉ እንደወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። አሮጌው ቦኮላ ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንዴም ግማሹ ጠፍቶ ይገኛል። የጠፋው ግማሽ ዘይቱ ውስጥ ወርዷልና በዚያው የካምቢዮ ዘይቱን ለውጡ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን የሚመሳሰሉት በመጠን ይለያያሉ። ኦሪጅናሉን ከኮፒው አስበልጡ፤ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ኪስ አይጎዳም።

ኪቱ ሌላ ነገር ነው። የሚሠራው ከኳሱ በታች ያለውን ክፍል በማስረዘም፣ ኳሱን ከፍ በማድረግ ወይም የላይኛውን ዘንግ በማሳጠር ነው። በምሳሌያችን የታችኛውን ከ5 ወደ 6.5 ሳንቲ ሜትር ብናደርሰው፣ 8 ሳንቲ ሜትር ይጓዝ የነበረው እጅ ወደ 6.2 ይወርዳል። ደስ ይላል። ግን በነፃ አይደለም፤ ማርሹን ለማስገባት የሚያስፈልገው ጉልበት በ30 በመቶ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ብርድ ዘይቱ ሳይሞቅ ይህን ታውቁታላችሁ።

ከጉልበቱ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሲንክሮው ነው። ሲንክሮ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩትን ክፍሎች በሰበቃ ያስተካክላል፤ ለዚያም ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ረጅም ዘንግ ያንን ጊዜ ሳናስበው ይሰጠው ነበር። አጭሩ እጃችንን ያፈጥነዋል፤ ያረጀ ሲንክሮ ግን አብሮ አይፈጥንም። ስለዚህ ኪት የሚገባው ካምቢዮው ጤነኛ ለሆነ፣ ቦኮላው ለተቀየረለትና አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ለሚሄድ መኪና ነው። ዳገትና ጭቃ ላይ በፎር ባይ ፎር ሎው (በዝግታ ግን በኃይል በሚያስኬደው ማርሽ) ለሚሠራ፣ ማርሽ መቀየሩ ጥቂት ስለሆነ የሚያተርፈው ብዙም የለም።

ማስቆረጥን ባለሙያዎች ቢንቁትም በስሌት ከኪቱ አይተናነስም። ከ40ው ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ ውጤቱ ያው 6.2 ነው። ችግሩ እጀታው ዝቅ ማለቱ ነው፤ አንደኛና ሦስተኛ ለማስገባት ከወንበር ጎንበስ ማለት ይመጣል፣ እጅም ከፎር ባይ ፎሩ ዘንግ ጋር ይጋጫል። ካስቆረጣችሁም ኦሪጅናሉን አትንኩት። ሶማሌ ተራ አሮጌ ዘንግ ገዝታችሁ እሱን አስቆርጡ። መሃሉ ላይ ከማስበየድ ጫፉን ቆርጦ ቶርኖ ቤት እጀታው የሚታሰርበትን አዲስ ጥርስ ማስወጣት ይሻላል፤ የእጅ ኃይል ሲመላለስበት ዘንጉ የሚሰነጠቀው ብየዳው ላይ ነው።

ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ላላችሁ፣ እስከ 1994 በፈረንጆች የነበረው ኤልቲ77 ካምቢዮ እና ከእሱ የቀጠለው አር380 የላይኛው ዘንጋቸው ተነቃይ ስለሆነ መቀያየሩ ይቀላል። ግን ማርሹ ከበዳችሁ መጀመሪያ ዘይቱን ተመልከቱ። ኤልቲ77 የሚፈልገው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀጭን ዘይት ነው። ወፍራም 90 ዘይት ከተሞላ ሲንክሮው በብርድ በደንብ አይሠራም።

ኪት ለማዘዝ ከወሰናችሁ በመኪናው ስም ሳይሆን በካምቢዮው ኮድ እዘዙ። ቶዮታ ላይ ኮዱ ሞተር ክፍል ውስጥ ካለችው የብረት ሰሌዳ «ትራንስ/አክስል» ከሚለው መስመር ይገኛል። የእጀታውን ጥርስ መጠንም ለሻጩ ንገሩ። ሌላው ከአውስትራሊያና ከእንግሊዝ የሚመጣው ኪት ነው፤ የእነሱ መሪ በቀኝ ስለሆነ ጎበጥ ያለ ዘንግ ከሆነ ወደ ተሳፋሪው ሊያዘነብልባችሁ ይችላል። ዘንጉ ወደ የት እንደሚያዘነብል የሚያሳይ ፎቶ ሳታዩ ብር አትላኩ።